የባትሪ ድንጋይ ጫፍ ላይ ያለው ምንድን ነው?



ሁለት ድንጋይ የሚይዘውን የእጅ ባትሪ ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። ድንጋዮቹን ስታስገቡ አንዱን ከሌላው ኋላ ታሰልፋላችሁ። የፊተኛው ጠፍጣፋ መቀመጫ የኋለኛውን ጉብ ያለ ጫፍ ይነካል። ኔጋቲቩና ፖዘቲቩ ተገናኙ ማለት ነው። በክፍል ውስጥ ግን ፖዘቲቭ ቻርጅና ኔጋቲቭ ቻርጅ ሲገናኙ እንደሚጣፉ ተምረናል። ታዲያ በዚያ ጠባብ ቱቦ ውስጥ የተገናኙት ሁለት ጫፎች ለምን አልተጣፉም? ጭራሽ አንዱ 1.5 ቮልት፣ ሌላው 1.5 ቮልት የነበሩት እንዴት አንድ ላይ 3 ቮልት ሆኑ?

ይህ የልጅ ጥያቄ ይመስላል። እኔ ግን በፊዚክስ ትምህርታችን ውስጥ ያለውን ትልቅ ክፍተት የሚያሳይ ጥያቄ ነው ብዬ አምናለሁ። የኤሌክትሮስታቲክስ ምዕራፍ ያልቃል፤ ገጽ ይገለጣል፤ የከረንት ምዕራፍ ይጀምራል። በመጀመሪያው ምዕራፍ ተማሪው በባዶ ቦታ ላይ ስለተቀመጡ ነጥብ የሚያክሉ ቻርጆች ሲያሰላ ይከርማል። በሁለተኛው ባትሪ ይሰጠዋል፤ አንደኛው ጫፍ ላይ የመደመር፣ ሌላው ላይ የመቀነስ ምልክት አለ። ተማሪው የመደመር ምልክቱን ሲያይ የቅድሙ ነጥብ ቻርጅ ትዝ ይለዋል። ባትሪውንም በአንድ ወገን የፖዘቲቭ፣ በሌላ ወገን የኔጋቲቭ ክምችት አድርጎ ይስለዋል። ያ ሥዕል ስህተት ነው። ለምን ስህተት እንደሆነ፣ በምትኩስ እውነቱ ምን እንደሆነ ነው ዛሬ የምናገረው።

ከነጥቡ ልጀምር። ፈረንሳዊው ሻርል ኦጉስተን ኩሎም እ.ኤ.አ. በ1785 በቀጭን ሽቦ ላይ በተንጠለጠለ ሚዛን የቻርጆችን መሳሳብና መገፋፋት ለካ። ኃይሉ ርቀቱ እጥፍ ሲሆን ወደ ሩብ እንደሚወርድ አሳየ። ከዚህ ሕግ የፖቴንሻል ሐሳብ ተወለደ። አንድ ቻርጅ በዙሪያው ባለ በእያንዳንዱ ቦታ ላይ፣ ሌላ ቻርጅ ወደዚያ ለማምጣት በእያንዳንዱ ኩሎም ስንት ጁል ሥራ እንደሚያስፈልግ የሚናገር ቁጥር አለ። ያ ቁጥር ፖቴንሻል ይባላል፤ መለኪያውም ቮልት ነው። ስሙን ያወጣለት ጆርጅ ግሪን የተባለ እንግሊዛዊ ነው። ግሪን በኖቲንግሃም አጠገብ በአባቱ የእህል ወፍጮ የሚሠራ፣ በልጅነቱ ትምህርት ቤት የቆየው አንድ ዓመት ያህል ብቻ የሆነ ሰው ነበር። ታላቁን ጽሑፉን እ.ኤ.አ. በ1828 ሲያሳትም ዩኒቨርሲቲ ደጃፍ አልረገጠም። ከትልልቅ ከተሞች ርቃችሁ ለምትማሩ ወጣቶች ይህን ሳልነግራችሁ ማለፍ አልፈለግሁም።

የነጥብ ቻርጅ ፖቴንሻል ስሌቱ ቀላል ነው፤ 9 ቢሊዮንን በቻርጁ አባዝቶ ለርቀቱ ማካፈል። የኩሎም አንድ ቢሊዮንኛ የሚያህል ቻርጅ ከአንድ ሜትር ላይ 9 ቮልት ይሰጣል። ከአንድ ሴንቲ ሜትር 900 ቮልት፣ ከአንድ ሚሊ ሜትር 9,000 ቮልት ይሆናል። ርቀቱ ወደ ዜሮ ሲጠጋ ቁጥሩ ማብቂያ የለውም። እንግዲህ የባትሪ ጫፍ ነጥብ ቻርጅ ቢሆን ኖሮ በጫፉ ላይ ያለው ፖቴንሻል ወሰን የለሽ፣ በሁለቱ ጫፎች መካከል ያለው ልዩነትም ትርጉም የለሽ በሆነ ነበር። ድንጋዩ ላይ ግን በግልጽ 1.5 ተብሎ ተጽፏል።

የመጀመሪያው ማስተካከያ የሚመጣው ጫፉ ብረት በመሆኑ ነው። ብረት ውስጥ ኤሌክትሮኖች እንደ ልብ ይንቀሳቀሳሉ። ስለዚህ ትርፍ ቻርጅ አንድ ነጥብ ላይ አይቀመጥም፤ በብረቱ ገጽ ላይ ይሰራጫል። ስርጭቱ የሚቆመው በብረቱ ሁሉ ላይ ፖቴንሻሉ አንድ ዓይነት ሲሆን ነው። ከውጭ ቀርባችሁ የብረቱን ገጽ ስትነኩ የቁጥሩ መውጣት ያቆማል፤ ወደ ውስጥ ብትገቡም አይጨምርም። ወሰን የለሽነቱ በዚህ ይወገዳል። ብዙ መጻሕፍት እዚህ ላይ ያበቃሉ። ዋናው ነገር ግን ገና አልተነካም።

አሁን አብራችሁኝ አስሉ። የድንጋዩን ጉብ ያለ ጫፍ ግማሽ ሴንቲ ሜትር ሬዲየስ ባላት የብረት እንክብል እንተካውና ከ1.5 ቮልቱ ግማሹን፣ 0.75 ቮልትን እንስጣት። ይህን ፖቴንሻል ለመያዝ ስንት ቻርጅ ያስፈልጋታል? መልሱ የኩሎም አንድ ትሪሊዮንኛ ግማሽ እንኳ አይሞላም። በኤሌክትሮን ሲቆጠር 2.6 ሚሊዮን ገደማ ይሆናል። ሚሊዮን ሲባል ብዙ ይመስላል። ነገር ግን 0.3 አምፔር የምትስብ ትንሽ የእጅ ባትሪ አምፖል በአንድ ሰከንድ ውስጥ ወደ 2 ቢሊዮን ቢሊዮን የሚጠጉ ኤሌክትሮኖች ያልፉባታል። ጫፉ ላይ ያለው ክምችት ይህችን አምፖል ሊያበራ የሚችለው ለአንድ ሰከንድ ትሪሊዮንኛ ያህል ብቻ ነው። ግምቴ ሻካራ ነው፤ የእውነተኛው ድንጋይ ቅርጽ እንክብል አይደለም። አሥር እጥፍ፣ መቶ እጥፍ ብናሳድገውም ግን ከዓይን ጥቅሻ እጅግ ባነሰ ጊዜ ያልቃል።

ያው ድንጋይ ግን ሌሊቱን የቡና ማሳ ጠባቂውን መንገድ ያበራል። ትልቁ ድንጋይ ባረጀ ጊዜ እንኳ 1 አምፔር ሰዓት ቢሰጥ 3,600 ኩሎም አሳልፏል ማለት ነው። ይህ ጫፉ ላይ ከነበረው ቻርጅ በ10 ሺህ ትሪሊዮን እጥፍ ያህል ይበልጣል። ስለዚህ በሙሉ እርግጠኝነት የምለው ይህን ነው፦ ባትሪ የተከማቸ ቻርጅ አይደለም።

ሊሆንም አይችልም። እስቲ አንድ ኩሎም ፖዘቲቭ በአንድ ወገን፣ አንድ ኩሎም ኔጋቲቭ በሌላ ወገን አንድ ሜትር አራርቃችሁ ለማስቀመጥ አስቡ። የሚሳሳቡበት ኃይል ከ900,000 ቶን ክብደት ጋር እኩል ነው። ኢትዮጵያ በዓመት ወደ ውጭ የምትልከው ቡና በሙሉ በአንድ ሚዛን ላይ ቢወጣ ይህን አያህልም። አንድ ኩሎም ብቻ ነው እንግዲህ! 3,600 ኩሎም ለይቶ በሁለት ጫፍ የሚይዝ የቆርቆሮ ቆዳ በዓለም ላይ የለም። አጠቃላይ ሂሳቡ ሲሠራ ባትሪ አዲስም ይሁን ያለቀበት ቻርጅ አልባ ነው ለማለት ይቻላል፤ በውስጡ ያለው ፖዘቲቭና ኔጋቲቭ እኩል ነው።

ታዲያ ያለቀው ምንድን ነው?

ያለቀው ዚንኩ ነው። ያለቀው ጥቁሩ ዱቄት ነው። በገጠር ትምህርት ቤት ሰሌዳ ለማጥቆር ከተሰበረ ድንጋይ ውስጥ እየወጣ የሚወቀጠውን ጥቁር ዱቄት አይታችሁ ከሆነ ማንጋኒዝ ዳይኦክሳይድን ከከሰል ጋር ተቀላቅሎ አይታችኋል። (በነገራችን ላይ የማንጋኒዝ ብናኝ ሲተነፍሱት ለጤና ጥሩ አይደለም፤ ልጆች እንዲወቅጡት አታድርጉ።) መካከል ላይ ያለው ዘንግ ካርቦን ነው፤ ሥራው ከረንቱን ማውጣት ብቻ ነው። ውጫዊው ቆርቆሮ ዚንክ ሲሆን ኔጋቲቩ ጫፍ እሱ ነው። በሁለቱ መካከል ጨዋማ እርጥብ ሊጥ አለ። የዚንክ አቶም ሁለት ኤሌክትሮኖቹን ቆርቆሮው ላይ ጥሎ ወደ ሊጡ ይሟሟል። ኤሌክትሮኖቹ በአምፖሉ በኩል ዞረው ካርቦኑ ዘንድ ይደርሱና ማንጋኒዙ ይቀበላቸዋል። ይህ ልውውጥ ለእያንዳንዱ ኩሎም 1.5 ጁል ገደማ ጉልበት ያወጣል። 1.5 ቮልት ማለት በትክክል ይኸው ነው።

ነገሩን በዓይናችሁ ለማየት ወደ እሸት ቡና ማጠቢያ ጣቢያ ውረዱ። ፓምፑ ከወንዝ ውኃ ስቦ ከፍ ወዳለው ታንከር ያወጣል፤ ከዚያ ውኃው በቦዩ ወርዶ ወደ ወንዙ ይመለሳል። ውኃው የሚወጣበትን ከፍታ የሚወስነው ፓምፑ ነው። በቧንቧው አፍ ላይ በዚህች ቅጽበት ያለችው ጠብታ ምንም አትወስንም። የሚያልቀውም ውኃው አይደለም፤ ናፍጣው ነው። በባትሪ ውስጥ ፓምፑ ኬሚስትሪው፣ ናፍጣው ዚንኩ ነው። ጫፉ ላይ የተቀመጡት ሁለትና ሦስት ሚሊዮን ኤሌክትሮኖች ጠብታዋ ናቸው።

ይህ ከገባን ብዙ ግራ የሚያጋቡ ነገሮች በአንድ ጊዜ ይጠራሉ። ትንሹ የግድግዳ ሰዓት ድንጋይና ትልቁ የሬዲዮ ድንጋይ ሁለቱም 1.5 ቮልት የሆኑት ለምንድን ነው? ቻርጅ በያዘ እንክብል ላይ መጠን ፖቴንሻልን ይለውጣል፤ በባትሪ ላይ ግን ቮልቱን የሚወስነው የንጥረ ነገሮቹ ዓይነት ነው፤ ትልቁ ድንጋይ ትርፉ ረጅም ጊዜ መሥራቱ ነው። በሶላር ፋኖሶች ውስጥ የሚገባው የሊትየም ብረት ፎስፌት ባትሪም ምስክር ነው። እንክብል ላይ ካለው ቻርጅ ግማሹን ብትወስዱ ፖቴንሻሉ በግማሽ ይወርዳል። ከፋኖሱ ባትሪ ግማሹን ተጠቅማችሁ ብትለኩት ግን አሁንም ወደ 3.2 ቮልት ይጠጋል። ቮልቱ የቀረውን መጠን አይነግራችሁም። በዚህ የተነሳ ብዙ ሰው ፋኖሱ ድንገት ከዳኝ ይላል፤ አልከዳውም፤ የባትሪው ጠባይ ነው።

ወደ መጀመሪያው ጥያቄ ልመለስ። ሁለቱ ድንጋዮች ሲነካኩ በእርግጥ የተጣፋ ነገር አለ። የፊተኛው መቀመጫና የኋለኛው ጉብታ ላይ የነበሩት ጥቂት ሚሊዮን ቻርጆች ተጣፉ። ሁለቱ የተገናኙ ብረቶችም አንድ ፖቴንሻል ያዙ። ነገር ግን እያንዳንዱ ድንጋይ በራሱ ሁለት ጫፎች መካከል 1.5 ቮልት ልዩነት እንዲኖር ያስገድዳል፤ ኬሚስትሪው አይደራደርም። መካከሉ አንድ ከሆነ ዳርና ዳሩ በ3 ቮልት መለያየት ግድ ነው። የጎደለውን ጥቂት ቻርጅ ሁለቱ ባትሪዎች ከዓይን ጥቅሻ ባነሰ ጊዜ ይተኩታል።

ተማሪዎች ደግሞ ደጋግመው የሚያነሱት የዚሁ ወንድም የሆነ ጥያቄ አለ። የአንዱን ባትሪ ፖዘቲቭ ከሌላ ራሱን ከቻለ ባትሪ ኔጋቲቭ ጋር በሽቦ ባገናኝ፣ መሐል ላይ አምፖል ባደርግ፣ ለምን አይበራም? አንዱ ተራራ፣ ሌላው ሸለቆ አይደለም ወይ? አይደለም። ከመገናኘታቸው በፊት በሁለቱ ባትሪዎች መካከል የተወሰነ የቮልት ግንኙነት የለም። ስታገናኟቸው የኩሎም ትሪሊዮንኛ ያህል ቻርጅ ይንሸራተታል፤ የተነኩት ጫፎች እኩል ይሆናሉ፤ በቃ። አምፖሉ ይህን ሊያውቀውም አይችልም። ለመፍሰስ ከረንቱ ወደ ተነሣበት የሚመለስበት መንገድ ያስፈልገዋል። ነጥብ ቻርጅን ስናሰላ ዜሮውን እጅግ ሩቅ ቦታ ላይ አስቀምጠን እያንዳንዱ ቦታ የራሱ ቁጥር አለው እንላለን። ባትሪ ስለ ሩቁ ቦታ ምንም አያውቅም፤ የሚያውቀው በሁለት ጫፎቹ መካከል ያለውን ልዩነት ብቻ ነው።

የምንኖርበት ምድር ደግሞ ይህን ሁሉ በገዛ አየሩ ያስተምረናል። ደቡብ ምዕራብ የኢትዮጵያ ዝናባማው ማዕዘን ነው፤ ዝናቡ ከበልግ ጀምሮ እስከ መኸር ይዘልቃል። መምህር ፕላስቲክ እስክሪብቶ በፀጉሩ አሽቶ ብጣሽ ወረቀት ለማንሳት ሲሞክር በደጋና በበጋ የሚሠራው ሙከራ በሐምሌ በሚዛን ከተማ አይሠራለትም። ተማሪዎቹ መጽሐፉ ዋሸ ይላሉ። መጽሐፉ አልዋሸም። የታሸው እስክሪብቶ ላይ ያለው ቮልት በሺዎች ሊቆጠር ይችላል፤ ቻርጁ ግን የኩሎም ቢሊዮንኛዎች ብቻ ነው። በእርጥብ አየር ውስጥ የፕላስቲኩን ገጽ የሚሸፍነው ስስ የውኃ ሽፋን ያን ቻርጅ በጥቂት ጊዜ ያሾልከዋል፤ የሚተካው የለም። በዚያው ክፍል፣ በዚያው ዝናብ ውስጥ ድንጋዩ 1.5 ቮልቱን ይዞ ይቆማል። ከድንጋዩ ጫፍም በእርጥበቱ በኩል ቻርጅ ይሾልካል። ግን የሾለከውን ዚንኩ ወዲያው ይተካዋል። የነጥብ ቻርጅንና የባትሪን ልዩነት ከዚህ የበለጠ የሚያሳይ ሙከራ እኔ አላውቅም፤ ለዚህም ከሚዛንና ከቴፒ የተሻለ ቦታ የለም።

መብረቁም ከእስክሪብቶው ወገን ነው። አንድ የመብረቅ ብልጭታ የሚያወርደው ቻርጅ ብዙውን ጊዜ ከጥቂት ኩሎም እስከ ጥቂት አሥር ኩሎም ነው። የ60 አምፔር ሰዓት የመኪና ባትሪ ግን 216,000 ኩሎም ያሳልፋል። መብረቅን ገዳይ የሚያደርገው በሚሊዮኖች የሚቆጠረው ቮልቱና በሰከንድ ሽራፊ ውስጥ መፍሰሱ ነው።

በአየር ላይስ? ሳይገናኝ በተቀመጠ ትልቅ ድንጋይ ዙሪያ ያለው የኤሌክትሪክ መስክ በሜትር 25 ቮልት ገደማ ነው። በጠራ ቀን ሜዳ ላይ ስንቆም ምድርና ሰማይ በዙሪያችን የሚዘረጉት መስክ በሜትር ወደ 100 ቮልት ይደርሳል። የባትሪው የውጭ መስክ ከዚህም ያንሳል። እንግዲህ የባትሪን ኃይል በጫፎቹ ዙሪያ ባለው ባዶ ቦታ የሚፈልግ ሰው አያገኘውም።

የሚገኘው ውስጥ ነው። ይህ የንግግሬ እምብርት ስለሆነ ቀስ ብዬ ልናገረው።

ጣሊያናዊው አሌሳንድሮ ቮልታ እ.ኤ.አ. መጋቢት 20 ቀን 1800 ለለንደኑ ሮያል ሶሳይቲ ፕሬዚዳንት ለጆሴፍ ባንክስ በጻፈው ደብዳቤ የብርና የዚንክ ክቦችን በጨው ውኃ በራሰ ካርቶን እያፈራረቀ ቢደረድር የማያቋርጥ ኤሌክትሪክ እንዳገኘ ገለጸ። ቮልታ ምንጩ የሁለቱ ብረቶች መነካካት ነው ብሎ ያምን ነበር፤ የራሰው ካርቶን ለእሱ መተላለፊያ ብቻ ነበር። ሌሎች ደግሞ የለም፣ ዚንኩ እየተበላ ነው፤ ምንጩ ኬሚስትሪው ነው አሉ። ክርክሩ የ19ኛውን ክፍለ ዘመን አብዛኛውን ጊዜ ወሰደ። ጉልበቱን የሚከፍለው ኬሚስትሪው መሆኑ ሲረጋገጥ ሌላ ጥያቄ ቀረ፤ ቮልቱ የሚዘለው የት ላይ ነው? መልሱ፣ ብረቱና እርጥቡ ሊጥ በሚነካኩበት ድንበር ላይ ነው። በብረቱ በኩል ኤሌክትሮኖች፣ በሊጡ በኩል ፖዘቲቭ አዮኖች ፊት ለፊት ይሰለፋሉ። በሁለቱ ሰልፎች መካከል ያለው ርቀት አንድ ናኖ ሜትር ገደማ፣ ማለትም የሚሊ ሜትር አንድ ሚሊዮንኛ ነው። አንድ ቮልት የማይሞላ ልዩነት በዚህች ስንጥቅ ውስጥ ሲዘረጋ መስኩ በሜትር በመቶ ሚሊዮኖች ቮልት ይሆናል። አየር ብልጭ የሚልበት መስክ በሜትር 3 ሚሊዮን ቮልት ነው። በእጃችሁ የያዛችሁት ሰላማዊ ድንጋይ ውስጥ፣ አየርን ከሚሰነጥቀው መስክ ከ200 እጥፍ በላይ የበረታ መስክ አለ።

አሁን የኩሎምን ስሌት መልሳችሁ አምጡና አንድ የፕሮቶን ቻርጅ ከአንድ ናኖ ሜትር ላይ ስንት ቮልት እንደሚሰጥ አስሉ። መልሱ 1.44 ቮልት ነው።

ድንጋዩ ላይ የተጻፈውን 1.5 አስታውሱ። ሁለቱ ቁጥሮች እኩል ናቸው አልልም፤ እኩልም አይደሉም፤ በፈሳሽ ውስጥ ሌሎች ብዙ ነገሮች ስሌቱን ይለውጡታል። ግን በአንድ መንደር ውስጥ መገኘታቸው እንዲሁ የሆነ አይደለም። የአቶም ዳርቻ ላይ ያለን ኤሌክትሮን ከፖዘቲቭ ቻርጅ ጋር የሚያስረው ጉልበት ከእነዚህ ርቀቶች የሚመነጭ ስለሆነ ለእያንዳንዱ ኩሎም ሲሰላ ጥቂት ቮልት ይሆናል። ኬሚስትሪ ደግሞ ኤሌክትሮንን ከአንዱ አቶም ወደ ሌላው ማዛወር ነው። ለዚህም ነው የዚንኩ ድንጋይ 1.5፣ የመኪናው እርሳስ ክፍል 2.1፣ የስልካችን ሊትየም 3.7 ቮልት የሆኑት። በዓለም ላይ ብቻውን 100 ቮልት የሚሰጥ አንድ የባትሪ ክፍል የለም፤ አይኖርምም። የመኪና ባትሪ 12 ቮልት የሚሆነው በውስጡ ስድስት ክፍሎች ስለተሰለፉ ነው። ስለዚህ የነጥብ ቻርጅ ሕግ በባትሪ ላይ አልተሻረም። እኛ ነን ያለ ቦታው፣ ሴንቲ ሜትር በሚያህል የብረት ጫፍ ላይ የፈለግነው። ቤቱ የናኖ ሜትሩ ድንበር ነው።

ድንጋይ ሲደክም ፀሐይ ላይ የማስጣት ልማዳችንም እዚህ ላይ ይገባናል። የደከመ ድንጋይ በመልቲሜትር ብቻውን ሲለካ 1.3 ወይም 1.4 ቮልት ሊያሳይ ይችላል። ጥገና ቤት ያላችሁ ይህን ደጋግማችሁ አይታችኋል። አምፖል ሲገናኝበት ግን ከ1 ቮልት በታች ይወርዳል። ጉልበቱ በራሱ በድንጋዩ ውስጥ፣ አዮኖች በደረቀውና በተዘጋጋው ሊጥ ውስጥ ለማለፍ ሲታገሉ ይባክናል። ይህ ውስጣዊ ሬዚስታንስ ይባላል። ፀሐዩ ሊጡን ሲያሞቀው አዮኖቹ ይፈጥናሉ፤ ዕረፍቱም በዚንኩ አጠገብ የተጠራቀመውን እንዲበታተን ጊዜ ይሰጠዋል። ወላጆቻችን ለሬዲዮ ዜና የሚያደርጉት ይህ ነገር ትክክለኛ ፊዚክስ አለው። አዲስ ዚንክ ግን አይፈጥርም፤ የተረፈውን ብቻ ያስወጣል። እሳት ዳር ማስቀመጥ ግን አደገኛ ነው፤ ድንጋዩ ሊፈነዳና ሊያፈስ ይችላል። የሊትየም ባትሪንማ ፀሐይ ላይ ማስጣት ጨርሶ አይገባም።

ቡና አምራቾችና አቅራቢዎች ይህ ሁሉ ለእኛ ምን ይጠቅመናል ብትሉ መልሱ በሥራችሁ መካከል ነው። ቴፒና በበቃ በኢትዮጵያ ምርት ገበያ የቡና ምደባ ውስጥ በስማቸው የሚጠሩ ናቸው። ቡናው ስሙን ይዞ የሚዘልቀው ደግሞ በትክክል ከደረቀ ነው፤ የተፈለፈለ ቡና እርጥበቱ ከ11 እስከ 12 በመቶ አካባቢ ሲሆን ለማከማቸት ይመቻል። ከዚያ በላይ ከሆነ ይሻግታል፤ ከመጠን በላይ ከደረቀ ይሰባበራል፤ ክብደቱም ይጎድላል። በጥርስ ነክሶ መለየት የሚችሉ ባለሙያዎች አሉ። ይሁንና ዛሬ በእህልና በቡና ንግድ ውስጥ የሚሠራባቸው በርካታ የኤሌክትሮኒክ እርጥበት መለኪያዎች በባትሪ ይሠራሉ፤ አሠራራቸውም የዛሬው ንግግራችን በሙሉ በአንድ ዕቃ ውስጥ ነው።

ቡናው በሁለት ብረቶች መካከል ይፈስሳል። መሣሪያው ባትሪውን ተጠቅሞ በብረቶቹ መካከል ወዲያና ወዲህ የሚለዋወጥ ቮልት ይፈጥራል። በፍሬው ውስጥ ያለችው የውኃ ሞለኪውል በአንድ ወገኗ በመጠኑ ፖዘቲቭ፣ በሌላው በመጠኑ ኔጋቲቭ ናት፤ ማለትም የሁለት ተቃራኒ ነጥብ ቻርጆች ጥንድ ናት። መስኩ ሲመጣ ዞራ ትሰለፋለች። እሷ ስትሰለፍ ብረቶቹ ያንኑ ቮልት ለመያዝ ተጨማሪ ቻርጅ ይስባሉ። ንጹሕ ውኃ ብረቶቹ የሚይዙትን ቻርጅ 80 እጥፍ ያህል ሲያሳድገው የደረቀ የተክል አካል ግን ከሁለት እስከ አራት እጥፍ ገደማ ብቻ ያሳድገዋል። ልዩነቱ ይህን ያህል ሰፊ ስለሆነ ትንሽ የእርጥበት ለውጥ እንኳ ይታወቃል። እዚህ ላይ ባትሪው ቮልቱን አጥብቆ ይይዛል፤ የሞለኪውሎቹ ቻርጆች በዚያ ቮልት ሥር ይናገራሉ። የቡናችሁ ዋጋም በዚህ ንግግር ይወሰናል።

ስለዚህ ሦስት ነገር ልብ በሉ። የመሣሪያው የባትሪ ማስጠንቀቂያ ምልክት ሲበራ ልኬቱን አትመኑ። ውኃ በሙቀት ጠባዩ ስለሚለወጥ ከማድረቂያ አልጋው ላይ በቀጥታ የተነሣ ትኩስ ቡና ሳይበርድ አትለኩ። ዝናብ የነካው ቡና ደግሞ እርጥበቱ ላዩ ላይ ስለሚሆን መለኪያውን ያሳስተዋል፤ ውስጡና ውጭው እስኪስተካከል ጠብቁ። ሻጭና ገዢ በሚዛን ላይ የሚከራከሩትን ያህል በእርጥበት ቁጥር ላይም መከራከር መብታቸው ነው፤ ለመከራከር ግን አሠራሩን ማወቅ ያስፈልጋል።

መምህራን፣ የመጨረሻ ቃሌ ለእናንተ ነው። የሚዛን ቴፒ ዩኒቨርሲቲ የተፈጥሮ ሳይንስ ትምህርት በቴፒ ግቢ ይሰጣል፤ ተመራቂዎቹም በዙሪያችን ባሉ ትምህርት ቤቶች ያስተምራሉ። ከኤሌክትሮስታቲክስ ወደ ከረንት ምዕራፍ ስትሻገሩ አንድ ክፍለ ጊዜ ለድልድዩ ስጡ። ሁለት ድንጋይ፣ አንድ አምፖል፣ አንድ መልቲሜትርና አንድ እስክሪብቶ ይበቃችኋል። ተማሪው ጫፉ ላይ ያሉትን ኤሌክትሮኖች ራሱ ይቁጠር፤ በአምፖሉ የሚያልፉትንም ይቁጠር፤ ሁለቱን ያወዳድር። ከዚያ ያለቀበትን ድንጋይ በጥንቃቄ ሰንጥቃችሁ የተበላውን ዚንክ አሳዩት፤ ቁርጥራጩን ሰብስባችሁ ከቡና ማሳና ከውኃ አርቁት። ይህን ክፍለ ጊዜ በሚመጣው የትምህርት ዓመት ዕቅዳችሁ ውስጥ አስገቡልኝ።